በሸራ ጀልባ ከኬንያ ወደ ሲሼልስ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ ወረቀቱ እንዴት ነው የሚሆነው?

ለገሃር_ነኝ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ሰላም ለመድረኩ። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ አትሳቁብኝ።

ቢሮዬ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ፕሮጀክት ላይ አብረውኝ የሠሩ ባልና ሚስት ጡረታ ወጥተው አሁን ኬንያ፣ ኪሊፊ ውስጥ በገዛ የሸራ ጀልባቸው ላይ ይኖራሉ። 12 ሜትር ያት ናት። ወደ ሲሼልስ ሊሻገሩ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ስለሚያስፈልጋቸው ነይ አሉኝ። ሌሊት በተራ መጠበቅ፣ ምግብ ማብሰል፣ ገመድ መሳብ። ክፍያ የለውም፤ እኔም አልከፍልም። ዋና እችላለሁ። ባሕር ግን ከላንጋኖ ያለፈ አላውቅም።

ማዕበሉን እነሱ ያውቁበታል። እኔን ያስጨነቀኝ ወረቀቱ ነው። በአውሮፕላን ሳይሆን በጀልባ ሌላ አገር ስገባ ቪዛ የሚጠይቀኝ ማነው? የት ነው ማኅተም የሚመታልኝ? ከቦሌ ስወጣስ የመመለሻ ቲኬት የለኝም ብል ያሳልፉኛል? ስቴዲየም አካባቢ ያገኘሁት አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ "ያለ ሲማን ቡክ ንክች አትይም፣ እኔ አወጣልሻለሁ" ብሎ ቀብድ ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም። ግን እውነቱን ይሆን?

—

ባሕር_አልባ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡52

እኛ የባሕር በር ክርክሩን ገና ቴሌቪዥን ላይ ሳንጨርስ አንቺ በግልሽ ልትወጪ ነው? ጎበዝ። መልሱን ባላውቅም ክሩን እከታተላለሁ።

—

ጋሽ_መልሕቅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ንግድ መርከብ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ከወዳጆች ጋር በሸራ ጀልባ ትንሽ ዞሬያለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ወረቀት አይቼዋለሁ።

ከሰውዬው እንጀምር። ቀብዱን አለመስጠትሽ ደግ አደረግሽ። ሲማን ቡክ ያለሽ የባሕረኛ ደብተር ነው፤ የንግድ መርከብ ሠራተኛ መታወቂያ ማለት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 108፣ በኋላም በ2003 ባወጣው ቁጥር 185 የሚመራ ነው። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ ሠራተኛው ቪዛ ሳይጠየቅ ወርዶ እግሩን እንዲያፍታታ የታሰበ ነገር ነው። አንቺ በወዳጆችሽ ጀልባ ያለ ደሞዝ የምትሄጂ ሰው ነሽ። ሰነድሽ ፓስፖርትሽ ነው፤ አለቀ።

አሁን ስለ ልዩነቱ። ንግድ መርከብ ወደብ ሲደርስ ወረቀቱን ይዞ የሚሯሯጠው ኤጀንቱ ነው። ፎርሞቹም የመርከብ ወረቀትን ለማቅለል በወጣው በ1965ቱ የፋል ስምምነት ዓለም ላይ አንድ ዓይነት ሆነዋል፤ የመርከበኞች ዝርዝር ፎርም 5፣ የመንገደኞች ዝርዝር ፎርም 6 ነው። የሸራ ጀልባ ላይ ግን ኤጀንቱም፣ ጸሐፊውም፣ ተላላኪውም ካፒቴኑ ነው። ፋይሉን ብብቱ ሥር ይዞ ከጤና ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ ወደ ወደብ አስተዳደር ይዞራል። እኛ እዚህ ከወረዳ ክፍለ ከተማ እንደምንመላለሰው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ፀሐዩና ላቡ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። በዝርዝሩ ላይ ምን ተብለሽ እንደምትጻፊ ካፒቴኑን አስቀድመሽ ጠይቂው። በግል ጀልባ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መርከበኛ ተብሎ ነው የሚጻፈው። "መንገደኛ" ብለው ከጻፉሽ ሹሙ ወዲያው "ስንት ከፈለች?" ይላል። ከፍለሽ የሄድሽ ከሆነ ጀልባዋ የቻርተር (የኪራይ) ሥራ ሠራች ማለት ነው። ያ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ቀረጥ፣ ሌላ ጣጣ አለው።

መርከበኛ ተብሎ መጻፍም ግን በነጻ አይደለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ካፒቴኑ ኃላፊሽ ነው። አንቺም ብድግ ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ "ቻው" ማለት አትችይም። ከጀልባዋ ስትለዪ ሁለታችሁም ኢሚግሬሽን ቀርባችሁ ስምሽ ከዝርዝሩ መሰረዝ አለበት። ሹሙ የሚጠይቀው ከዚህ አገር በምን እንደምትወጪ ነው። ቲኬት ታሳያለሽ። ቲኬት ከሌለሽ የመመለሻሽ ወጪ እሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ ነው ደህና ካፒቴን የማያውቀውን ሰው አሳፍሮ የማይሄደው።

—

ለገሃር_ነኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ተብራርቶ ይመለስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ሲሼልስ ደርሼ እነሱ ወደ ማዳጋስካር ሲቀጥሉ እኔ በአውሮፕላን ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ቲኬቱን እዚያ ደርሼ እገዛለሁ ብዬ ነበር።

—

ትኬት_ቆራጯ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

እህቴ፣ እዚያ ደርሰሽ አትገዢም። አምባሳደር አካባቢ ቲኬት ቢሮ ነው የምሠራው፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ነገርሽ ሲሼልስ ላይ ከመድረሱ በፊት ቦሌ ላይ ሊቆም ይችላል። ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ የምትደርሺበትን አገር ሕግ ታያለች። የመመለሻ ወይም የመቀጠያ ቲኬት ይጠይቃል የሚል ከሆነና ከሌለሽ አታሳፍርሽም፤ አገሩ ከመለሰሽ አየር መንገዱ ነው የሚቀጣው። ከዚያ ደግሞ የራሳችን መውጫ መስኮት አለ። ወጣት ሴት፣ የአንድ መንገድ ቲኬት፣ "በጀልባ ነው የምሄደው"... መኮንኑ ዝም ብሎ ማኅተም ቢመታልሽ ነው የሚገርመኝ። በሕገወጥ መንገድ የሚሄድ ሰው ስንት ነው። እነሱም መጠየቃቸው ክፋት የለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰው ግን አያውቀውም። ኦፕን ጆ የሚባል ቲኬት አለ። መሄጃው ከአዲስ አበባ ሞምባሳ፣ መመለሻው ከሲሼልስ ዋና ደሴት ከማሄ አዲስ አበባ፣ ሁለቱም በአንድ ቲኬት። የኛው አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ይበራል። መሐሉን ባሕሩ ይሞላዋል። ቀን መቀየር የሚፈቅደውን ዓይነት ውሰጂ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ንፋስ ቀጠሮ አያከብርም። ባንክ ሄደሽ ለጉዞ ዶላር ስትጠይቂም መጀመሪያ የሚሉሽ ቲኬት አምጪ ነው።

—

ፈጣኑ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ለምን ይሄን ሁሉ ታካብዳላችሁ? ዳሚ (የማስመሰያ) ቲኬት አሠሪ። በቴሌግራም በጥቂት ብር ይሠሩልሻል። ፕሪንት አድርገሽ ታሳያለሽ፣ ያልፋል። እኔ ዱባይ ስሄድ ማን አየው።

—

ትኬት_ቆራጯ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡41

@ፈጣኑ_ልጅ አንተን አላዩህም ማለት አያዩም ማለት አይደለም። የቦታ ማስያዣ ኮዱን ሲከፍቱት ባዶ ከሆነ ያ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። እሷ ደግሞ እያስመሰለች የምትገባው ብቻዋን አይደለም። የሰው ጀልባ፣ የሰው ስም አብሮ አለ። ምክር ስትሰጥ እስኪ ሰው አስብ።

—

የኪሊፊ_እንግዳ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ሰላም ከባሕሩ ዳር። የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ሥራ ወደዚህ ጥሎኝ ቆየሁ። የምታወሪውን መንገድ በሰው ጀልባ ሄጄዋለሁ። ልንገርሽ።

ኬንያ ለመግባት ለኛ ችግር የለውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ይገባል፤ የቆየ ስምምነት ነው። ሲሼልስም ለኛ ቪዛ አትጠይቅም፤ ስትደርሺ የጎብኚ ፈቃድ ይመቱልሻል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሦስት ወር። ግን "ቪዛ አያስፈልግም" ሲባል "ምንም አያስፈልግም" መስሎሽ እንዳትሄጂ። መመለሻ ቲኬት፣ ማደሪያና ገንዘብ ያያሉ። ማደሪያሽ ጀልባዋ ስለሆነች እሷን የሚገልጽ ደብዳቤ ከካፒቴኑ ይኑርሽ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልንገርሽ። ሞምባሳ ኤርፖርት የመግቢያ ማኅተም ይመታልሻል። በባሕር ስትወጪ ደግሞ ወደብ ላይ ያለው ኢሚግሬሽን የመውጫ ማኅተም ሊመታልሽ ይገባል። የጀልባ ሰዎች እዚህ ክሪኩ (ወደ የብስ የገባው የባሕር ክንድ) ውስጥ ወራት ሲቀመጡ ይዘናጋሉ። ያለ መውጫ ማኅተም ከወጣሽ በኬንያ መዝገብ ላይ እስካሁን እዚያው ነሽ። ሌላ ጊዜ ናይሮቢ ላይ በትራንዚት ስታልፊ "ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?" ይሉሻል።

ከማኅተሙ ሌላ ካፒቴኑ ከኬንያ የመውጫ ክሊራንስ ያወጣል። አንድ ገጽ ወረቀት ናት። የጀልባዋ ስም፣ ከየት ወደ የት፣ ስንት ሰው፣ ዕዳ የለባትም። ሲሼልስ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሷ ናት። ያለ እሷ ከየት እንደመጣችሁ ማስረዳት አበሳ ነው።

ስንደርስ እንዲህ ነበር። የመግቢያ ወደቡ ማሄ ላይ ያለው ቪክቶሪያ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ቆንጆ ደሴት አይተሽ "እስኪ ትንሽ እንረፍ" ማለት ክልክል ነው። ምሰሶው ላይ በቀኝ በኩል ቢጫ ባንዲራ ሰቀልን። ከአገሩ ባንዲራ ጋር ነው የሚሰቀለው። ቢጫዋ "ጤነኞች ነን፣ መግባት ይፈቀድልን" ማለቷ ነው። በሬዲዮ ቻናል 16 ወደቡን ጠራን፤ የት መልሕቅ እንደምንጥል ነገሩን። ከዚያ መጠበቅ። ማንም አይወርድም። ጎረቤት ጀልባ ሰላም ለማለት እንኳ አይኬድም። ከስምንት ቀን ባሕር በኋላ የብስ ከፊትሽ እያየሽ መቀመጥ፣ እሱ ነው ፈተናው።

ሹሞቹ በትንሽ ጀልባ መጡ። ጤና፣ ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክ። ጠረጴዛችን የዳቦ መቁረጫ የምታህል ናት። አንዱ በጉልበቱ ላይ ነው የጻፈው። ነፋሱ ወረቀቱን ሊወስድበት ሲል ሻይ ማንኪያ ጫንበት። ፓስፖርታችንን ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስሜ በዝርዝሩ ላይ ከፓስፖርቱ ጋር አልገጠመም ነበር። የአባቴንና የአያቴን ስም አገላብጠውታል። ካፒቴኑ አዲስ ገጽ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ የጀልባዋን ማኅተም መትቶ ሰጠው። አለቀ። ደግ ሰዎች ነበሩ።

—

ባሕር_አልባ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡33

የጀልባ ማኅተም?? ጀልባም ማኅተም አላት?

—

የኪሊፊ_እንግዳ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

አላት ወንድሜ። ስሟ፣ የምዝገባ ቁጥሯና የምታውለበልበው ባንዲራ አገር ስም ያለበት ክብ ጎማ። ሕግ አስገድዶ አይደለም። ግን ብዙ ወደብ ላይ ማኅተም የሌለው ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጠርም። ይሄ እንኳ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

—

ጋሽ_መልሕቅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡30

የኪሊፊው ወንድማችን ስለ ስም ያነሳት ቁም ነገር ናት፤ ላስፋት።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። የፈረንጅ ፎርም ደግሞ ሁለት ሣጥን ብቻ አለው። ካፒቴኑ በደግነት "አባትሽ ማን ነበር?" ብሎ ከጭንቅላቱ ይሞላዋል። እንዲህ አታድርጉ። ፓስፖርትሽ ላይ ከታች ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች ተመልከቺ። እዚያ እንደተጻፈው፣ በዚያው ፊደል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ዝርዝሩም ላይ፣ ቲኬቱም ላይ ይጻፍ። የትውልድ ቀንም እንዲሁ። ቀበሌ መታወቂያሽ ላይ ያለው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ከሱ እንዳይገለበጥ።

ዝርዝሩን ከነፎቶ ኮፒው ደህና አድርጋችሁ አብዙት። ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉት ኮፒ ቤቶች በርካሽ ያባዙልሻል። በየወደቡ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ይወስዳል። አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት ይላል። ደሴት ላይ ፕሪንተር ፍለጋ መዞር አያምርም።

ሰዓትንም አስተውሉ። የመድረሻ ማሳወቂያ ላይ የሚጻፈው አንዳንዴ በአገሩ ሰዓት፣ አንዳንዴ በዓለም አቀፉ ነው። በስዋሂሊ ሲነግሩሽ ደግሞ እንደኛው ከንጋት ይቆጥራሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ያለሽ ኬንያዊ እንግሊዝኛ ፎርሙ ላይ 8 ብሎ ነው የሚጽፈው። ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል ቀን ከደረሳችሁ ብዙ ወደብ የትርፍ ሰዓት ያስከፍላል። ሌሊት ከደረሳችሁም ውጭ ሆናችሁ ንጋትን መጠበቅ ለጀልባዋም ይሻላል፤ ቸኩለሽ ሪፍ (ውኃ ሥር ያለ ድንጋይ) ላይ ከምትወጪ።

—

ሳሪስ_ዶክ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ከጤና በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ቢጫ ካርድ። ኢትዮጵያም ኬንያም የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሲሼልስ የክትባት የምስክር ወረቀቱን ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በጉዞ ዋዜማ ተከትበሽ አይሆንም። ከዚህ ቀደም ተከትበሽ ከሆነ ግን እንደገና አያስፈልግም። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጊዜ የተሰጠ ክትባት ለዕድሜ ልክ እንዲጸና ተደርጓል። "10 ዓመት አልፎታል፣ ድገሚ" የሚልሽ ካለ የድሮውን ደንብ ነው የሚያወራው።

ካርዱ ላይ ያለው ስምም ከፓስፖርቱ ጋር ይግጠም። ጋሼ ያሉት እዚህም ይሠራል።

—

አቴና_ያለሁ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እኔ ያለሁት ግሪክ ነው። ይሄ የሸራ ጀልባ ነገር እዚህ እንጀራ ነው። ለሌላው አንባቢ እንዲጠቅም የአውሮፓውን ልጻፍ፤ እህታችንን አይመለከትም።

ሸንገን በአውሮፕላንም በጀልባም ያው ሸንገን ነው። በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን። ጀልባ ላይ ተኝቶ ማደር ቀኑን አያቆመውም። የኛ ሰው የሚጠመድባት ነጠላ መግቢያ ቪዛ ናት። ከግሪኳ ደሴት ከኮስ ተነስቶ ቦድሩም ምሳ በልቶ መመለስ እዚህ ለፈረንጁ ተራ ነገር ነው። ባሕሩ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ይታያል። ቦድሩም ግን ቱርክ ናት፤ ከሸንገን ወጣህ ማለት ነው። ነጠላ መግቢያ ከነበረህ ቪዛህ እዚያው ሞተች፤ ለምሳ። በጀልባ የምትመጡ ከሆነ ብዙ መግቢያ ጠይቁ። ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ መግቢያና መውጫው በጣት አሻራና በፎቶ መመዝገብ ጀምሯል። "ማኅተሙ ደብዝዞ ነው" የምትባለው ምክንያት ከእንግዲህ አትሠራም።

ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው በሸንገን ኤርፖርት አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ካሪቢያን ላይ ጀልባ ልትቀላቀሉ በፓሪስ የምታቋርጡ ካላችሁ አስቡበት።

—

ፍሎሪዳ_ነዋሪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡45

እዚህም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚገርመው ፈረንጁም ይጠመዳል። በአውሮፕላን ያለ ቪዛ፣ በኦንላይን ፈቃድ ብቻ የሚገባው ፈረንሳዊ ወይም ጀርመናዊ በግል ጀልባ ሲመጣ ያ ፈቃድ አይሠራለትም። ኤምባሲ ሄዶ የጎብኚ ቪዛ ማውጣት አለበት። በአየር የተፈቀደልህ ነገር በባሕር ተፈቅዶልሃል ማለት አይደለም። አውስትራሊያም ቪዛ ሳትይዝ አትመጣም፤ ከመድረስህ ቢያንስ 12 ሰዓት በፊት ማሳወቅ አለብህ። ኒውዚላንድ 48 ሰዓት ትላለች።

—

ባሕር_አልባ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

አንድ የቂል ጥያቄ። ሹሙ ፓስፖርቷን አይቶ "ኢትዮጵያ ባሕር የላት፣ አንቺ ምን መርከበኛ ነሽ" ቢላትስ?

—

ጋሽ_መልሕቅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ስዊዘርላንድም የላትም። የነሱ ጀልባ በ2003 የአሜሪካን ዋንጫ አንሥቷል፤ በሸራ ጀልባ ውድድር ከሱ በላይ የለም። ወደብ የሌላቸው አገሮች በባሕር ላይ ባንዲራቸውን የማውለብለብ መብታቸው በ1921 ባርሴሎና ላይ ታውቋል። "ግቤ" እና "ሸበሌ" በሚል ስም የሚጠሩ የኢትዮጵያ መርከቦች ውቅያኖስ ላይ ሠርተዋል። ባይሆን ሹሙ ስለ ቡናችን ይጠይቃት ይሆናል። ትንሽ ቆሎና ቡና ያዢ፤ ለጉቦ አይደለም፣ ለጨዋታ።

—

ቀበና_ወጣት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ይቅርታ ክሩን ላስቀይስ። ዱባይ ያት ላይ ሥራ አለ ብሎ አንድ ሰው ከእኔና ከጓደኞቼ "የፕሮሰስ" እያለ ብር እየሰበሰበ ነው። ኮንትራት አሳይቶናል። ይታመናል?

—

ጋሽ_መልሕቅ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡50

ልጄ፣ ቁም። የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሚባል አለ፣ የ2006ቱ። ንግድ ላይ ለተሠማሩ መርከቦች ነው፤ የቻርተር ያትም ይገባበታል። መርከበኛ ሥራ ስለተገኘለት ለደላላ ክፍያ አይጠየቅም ይላል። መርከበኛው የሚከፍለው ለፓስፖርቱ፣ ለጤና ምርመራውና ለባሕረኛ ደብተሩ ነው። ከዚያ ሌላ "ፕሮሰስ" የሚባል ነገር የለም። ትልልቆቹ ያቶች መሠረታዊ የባሕር ደኅንነት ሥልጠና የሌለውን ሰው አይቀጥሩም። ሰውዬው ስለ ሥልጠና አንዲት ቃል ተናግሯል? ካልተናገረ የሚሸጥላችሁ ሥራ የለውም። የሰጣችሁትን ደረሰኝ ያዙ፤ የቀረውን እንዳትከፍሉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

—

ቀበና_ወጣት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡02

ደረሰኝም አልሰጠንም። ገባኝ ጋሼ።

—

ለገሃር_ነኝ
ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦፕን ጆውን አስይዣለሁ። ቢጫ ካርዴ የቆየ ነው ግን አለ፤ ስሙም ይገጥማል። ፓስፖርቴ ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረዋል። ካፒቴኑ ይህን ደብዳቤ ላከልኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡን ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። የጎደለ ካለ ንገሩኝ።

"ለሚመለከተው ሁሉ። ስሟና የፓስፖርት ቁጥሯ ከዚህ በታች የተገለጸው ኢትዮጵያዊት በግል የሸራ ጀልባዬ ላይ ያለ ክፍያ መርከበኛ ሆና ከኬንያ ወደ ሲሼልስ ትጓዛለች። ጀልባዋ አሁን ኪሊፊ ትገኛለች። በጉዞው ጊዜ ማደሪያዋና ምግቧ ጀልባዋ ላይ ነው። ማሄ ስንደርስ ከመርከበኞች ዝርዝር ተሰርዛ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች።" ከዚያ የጀልባዋ ስም፣ የምዝገባ ቁጥር፣ ፊርማ።

—

ትኬት_ቆራጯ
ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡45

ቆንጆ ነው። የመመለሻ በረራሽን ቁጥርና ቀን ደብዳቤው ውስጥ ይጨምሩበት። ቦሌ ላይ ያለ ሰው አራት ወረቀት አያገላብጥም፤ አንዱ ላይ ሁሉን ካየ ይለቅሻል። የካፒቴኑን ስልክም ይጻፉ፤ ከተጠራጠሩ ይደውላሉ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን።

—

የኪሊፊ_እንግዳ
ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡30

የጀልባዋን የምዝገባ ወረቀት ኮፒና የካፒቴኑን ፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ አባሪ ያድርግልሽ። ደብዳቤ ማንም ይጽፋል፤ የምዝገባ ወረቀት ግን ማንም የለውም። ዋናውን በእጅሽ፣ ስካኑን ስልክሽ ላይ። ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፤ ቼክ ኢን ካደረግሽው በኋላ ነው መስኮቱ ላይ የምትጠየቂው።

የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ደግሞ በመጨረሻዋ ቀን እንዳትተዉት ንገሪያቸው። ክሊራንሱ ከወጣ በኋላ ብዙ እንድትቆዩ አይፈቀድም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ጨርሱ። ዓርብ ከሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ግማሹ መስኮት ተዘግቶ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ነፋሱም ቅዳሜ ጠዋት መልካም ሆኖ እናንተ ሰኞን ትጠብቃላችሁ። ኪሊፊ ስትደርሺ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ወደቡ ድረስ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።